የውሃ አባት

በጎጃም ገጠር፣ ወንዝ ተጠልፎ በቦይ ወደ ማሳ በሚወርድበት ስፍራ የውሃ አባት አለ። ደመወዝ የለውም፤ ማኅተምም የለውም። ጎረቤቱ በአንድ ቃል መርጦት ተራ ያወጣል፣ ውሃ የሰረቀውን ይቀጣል፣ ክረምቱ ሲወጣ ሰውን ለወንፈል ጠርቶ የቦዩን ደለል ያስጠርጋል። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው አገር በበጋ ድንችና ሽንኩርት ለምልሞ ካያችሁ፣ በሚያዝያ ፀሐይ የበርበሬ ፍል መደቡን ሞልቶ ካያችሁ፣ ከበላዩ ውሃውን በተራ የሚሰድ ሰው አለ ማለት ነው።

የምናገረው ስለ አንድ የውሃ አባት ነው። በምሳሌ ውስጥ ብቻ የኖረ ሰው ስለሆነ ስም የለውም። ምሳሌው ስለ ማን እንደሆነ ሲያልቅ እናገራለሁ።

ከአንድ ተራራ ሥር ወንዝ ትወርድ ነበር። ከወንዟ ግርጌ ሦስት መንደሮች ነበሩ፤ የላይኛው፣ የመካከለኛውና የታችኛው። ቀድሞ ውሃው የጉልበተኛ ነበር። ክንዱ የበረታ ሌሊት ወርዶ የጎረቤቱን ቦይ ይደፍናል፤ የተደፈነበት በማግሥቱ ሽመሉን ይዞ ይወጣል። በየበጋው በውሃ ሰበብ ደም ይፈስሳል፤ በየክረምቱ ሽማግሌ ለዕርቅ ይቀመጣል።

ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ወጣት ተነሣ። ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ዓይኑ ግን ያየውን የማይረሳ ነበር። «ውሃው በክንድ መሄዱ ይቅር፤ በጥላ ይሂድ» አለ። ከቦዩ አፍ አጠገብ ካለው ሜዳ ላይ በባዶ እግሩ ቆመና የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት አስደርጎ ተረከዝ ከአውራ ጣት እየገጠመ ለካው። «ጠዋት ጥላዬ ሰባት እግር እስኪሆን ውሃው የላይኛው መንደር ነው። ከዚያ እስከ ቀትር የመካከለኛው። ቀትር ካለፈ በኋላ፣ ጥላዬ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ሰባት እግር እስኪሞላ የታችኛው።»

ሰው ሁሉ ደስ አለው። ጥላ ዘመድ የለውም፤ ጥላ ጉቦ አይበላም። «አባታችን አንተ ነህ» ብለው ዶማውን በእጁ ሰጡት።

ጥበቡ በጥላው ብቻ አልነበረም። የቦዩ አፍ ማታ ማታ በድንጋይና ሣር ባለው ጓል ይዘጋል። ውሃው ከጀርባው ሌሊቱን ሲጠራቀም አድሮ ኩሬ ይሠራል። ጠዋት ሲከፈት ነው ሙያው የሚታየው። የውሃ አባት ይንበረከክና ከላይኛው ረድፍ አንዷን ጓል በዶማው ጫፍ ፈንቀል አድርጎ ጆሮውን ያዘነብላል። ውሃው አፉን እንደሚፈታ ሕፃን መንተባተብ ሲጀምር ሁለተኛዋን ያነሣል። ድምፁ ሲወፍር እጁን ይሰበስባል፤ ቦዩ እስኪርስ፣ አፈሩ እስኪጠጣ ይጠብቃል። ከዚያ ሦስተኛዋን። የደረቀ ቦይ በአንድ ጊዜ ከለቀቁበት ዳሩ ይናዳል። ይህን ያስተማረው ሰው የለም፤ ከብዙ ጠዋት በኋላ እጁ ነው ያወቀው።

ዓመታት አለፉ። ከተራራው ማዶ ጉልበተኞች መጡና የቦዩን አፍ ያዙ። ሦስቱንም መንደር በጥማት ሊያንበረክኩ ፈለጉ። የውሃ አባት ሌሊት ወጥቶ ወደ ሩቅ አገር ሄደ። ትልልቅ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ሸንጎ መካከል ቆሞ አቤት አለ። አዳመጡት፤ አዘኑለት፤ የተነሣለት ግን አልነበረም። በአገር የቀረው ሰው በበኩሉ አምስት ዓመት በዱር አደረ። ቀን ከጫካ፣ ሌሊት ከቦዩ ዳር እየተታኮሰ፣ ጉልበተኞቹን እንቅልፍ ነሣቸው።

በስድስተኛው በጋ የውሃ አባት በቆላው በኩል ተመለሰ። ዱር አዳሪዎቹ ወጥተው ተቀበሉት። እናቶች ዳቦና ጠላ ይዘው ከመንገድ ዳር ቆሙ፤ ጎበዞች ከፊት ከፊት እየሄዱ መንገድ አሳዩት። ከአንድ ጉብታ ላይ ሲደርስ በቅሎውን አቆመና ወደ ኋላው ተመለከተ። የመጣበት ቀጭን መንገድ በሣሩ መካከል እንደ ክር ተዘርግቷል። «ይህ መንገድ ከዛሬ ጀምሮ የሰላም መንገድ ይባል» አለ። ዕልልታው ተራራውን ዞረ። ጉልበተኞቹ ሸሹ፤ ቦዩ ተጠረገ፤ ዶማው ዳግመኛ በእጁ ገባ።

ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር የሚደነቅ ነው። ከሦስቱ መንደሮች ዐሥራ ሁለት ልጆች መርጦ አስተማረ። ጥላ መለካት፣ የቦይ ቁልቁለት በዓይን መመጠን፣ የማሳ ስፋት በገመድ መቁጠር አስተማራቸው። ለልጆቹ ብሎ የራሱን ቤት ለቆ እርሱ ከጎጆ ገባ። ልጆቹ አደጉ። ከእርሱ የሚበልጥ ቁጥር የሚያውቁ ሆኑ።

አንድ ጠዋት ከመካከላቸው ትልቁ ተጠጋና እጅ ነሣ። «አባባ፣ ዛሬ እኔ ልክፈት?»

የውሃ አባት ፈገግ አለ፤ የልጁን ራስ ዳበሰ። «ነገ» አለው።

በማግሥቱ ሌላው ጠየቀ። «ነገ» አለው። የራሱ የበኩር ልጅ ከጎኑ ቆሞ ጠየቀ። «ነገ።» የበኩር ልጁ እዚያው ከጎኑ እንደ ቆመ ፀጉሩ ሸበተ።

አንድ ጊዜ የውሃ አባት ለሩቅ ሰርግ ተጠርቶ ሄደ። ከተማሪዎቹ ሁለት ወንድማማቾች ጠባቂዎቹን ይዘው በቦዩ አፍ ላይ ቆሙ። ሦስት ቀን ያዙት። ጓሉን ሲያነሡ ዳሩ ተናደ፤ ግራ ገባቸው፤ እርስ በርስ ተጯጯኹ። የውሃ አባት ሰምቶ በችኮላ ተመለሰ። ሕዝቡ ገና ይወደው ነበርና በዕልልታ ተቀበለው። ወንድማማቾቹ ክፉኛ ተቀጡ።

ያን ማታ የልጅነት ጓደኛው፣ አብሮት ከብት የጠበቀው ሽማግሌ፣ ወደ ጎጆው መጣ። እሳቱ ዳር ተቀመጠ። ብዙ ዝም አለና «ስማኝ ወዳጄ» አለ። «አንተ የልጆቹን ጥፋት አየህ። እኔ እጃቸውን አየሁ። ዶማ አያያዝ አያውቁም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ካንተ ጋር ኖረው ዶማ አያያዝ አያውቁም። ይህስ የማን ጥፋት ነው?»

«አልበሰሉም።»

«በእጃቸው ሳይዙት በምን ይብሰሉ? ነገ ጠዋት ዶማውን ለልጅህ ስጠው። ሲሳሳት እዚያው ሆነህ ታርመዋለህ። ገና ዓይንህ ያያል፤ ገና ጆሮህ ይሰማል። ማስረከብ የሚቻለው እጅ ሳይዝል ነው።»

የውሃ አባት እሳቱን ቆሰቆሰ። «ነገ እናየዋለን» አለ። በማግሥቱ በቦዩ አፍ ላይ ሁለት ጠባቂዎች ጨመረ።

ዘመን ሄደ። የውሃ አባት ዓይን ደከመ። ጥላውን ራሱ ማየት ስለ ተሳነው በዙሪያው ያሉት ሰዎች ይለኩለት ጀመር። አብዛኞቹ የላይኛው መንደር ሰዎች ነበሩ። ጥላው አራት እግር ሲደርስ «ገና ስምንት ነው፣ አባባ» ይሉታል። ውሃው የታችኛው መንደር ሳይደርስ ይመሻል።

ታችኛው መንደር ጫፍ ላይ አንዲት ባልቴት ነበረች። በመደቧ ላይ የበርበሬ ፍል አፍልታ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ነቅላ ወደ ማሳ ልትተክለው፣ ሸጣም የዓመት ጨውና ልብስ ልትገዛበት። በሚያዝያ መጨረሻ ፍሉ አንገቱን ደፋ። በቅል እየቀዳች ከሩቅ ምንጭ አጠጣችው፤ አልበቃም። አንዱን ግንድ ከነሥሩ ነቀለችና በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሽቅብ ወጣች።

ጠባቂዎቹ በር ላይ አቆሟት። «አባባ ተኝተዋል፣ እማማ። የሚነገር ካለ ለእኛ ይንገሩን።»

«የሚነገር አይደለም፤ የሚታይ ነው» አለችና የደረቀውን ፍል ሰጠቻቸው። «ይህን ብቻ ከእጃቸው አድርሱልኝ።»

ጠባቂዎቹ ተያዩ። ሽማግሌውን ማስደንገጥ አልፈለጉም፤ ቁጣውንም ፈሩ። ከቦዩ አፍ አጠገብ ከራሳቸው መደብ አንድ የለመለመ ፍል ነቅለው ገቡ። «ከታችኛው መንደር አንዲት ባልቴት የላኩልዎ ነው» አሉት። የውሃ አባት ቅጠሉን በጣቶቹ ዳበሰ። እርጥብ ነው፤ ወፍራም ነው። «ተመስገን» አለ። ከልቡ ነበር ያለው።

ተማሪዎቹ ግን የደረቀውን ፍል ከበር ላይ ወድቆ አገኙት። በዚያች ማታ ሰውን ሁሉ ሰበሰቡ። ፍሉን ከፍ አድርገው አሳዩ። ንፁሕ ቁጣ ነበር፤ እውነትም ከእነርሱ ጋር ነበረች። ንጋት ላይ ወደ ጎጆው ገብተው ደረቁን ግንድ ከጭኑ ላይ አኖሩት።

ሽማግሌው ዳበሰው። ቅጠሉ በጣቱ ሥር ደቀቀ። «ይህ ከየት መጣ? ማንም አልነገረኝም።»

ከኋላ የባልቴቷ ድምፅ ተሰማ። «መጥቼ ነበር፣ አባባ። ከደጅ መለሱኝ።»

ዶማውን ከእጁ ወሰዱ። አልታገላቸውም። በቅሎው ቀርቶ የጭነት አህያ አቀረቡለት። በተቀመጠበት ቁልቁል ሲወርድ ትናንት ዕልል ያሉለት ሰዎች ልጆች ከኋላው እየሮጡ ጮኹበት። ወዴት እንደ ወሰዱት ለብዙ ዘመን አልታወቀም።

ተማሪዎቹ ወደ ቦዩ አፍ ሮጡ። «የታችኛው መንደር ዛሬውኑ ይጠጣ!» አሉ። መልካም ሐሳብ ነበር። ዶማው በስንት እጅ ተያዘ! ላይኛው ረድፍ፣ ታችኛው ረድፍ ሳይባል ጓሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገለበጠ። ሌሊቱን የተጠራቀመው ኩሬ በአንድ ጊዜ ተነሣ። የቦዩን ዳር እየገመሰ፣ ድንጋይ እያንከባለለ ወረደ። የላይኛውን መንደር ገረፈ፤ የመካከለኛውን ሰነጠቀ፤ የባልቴቷን መደብ ከነፍሉ፣ ከነአፈሩ ጠርጎ ወሰደው። ውሃ ያምራቸው የነበሩትን ውሃ ወሰዳቸው። ቦዩ በነበረበት ሰው የማያሻግር ቦረቦር ተገምሶ ቀረ።

ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ተካሰሱ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ዶማውን በመጨረሻ የጨበጠው፣ ጓደኞቹን በዚያው ዶማ መታቸው። ከዚያ በቦዩ አፍ ተቀመጠ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ብላቴና ተጠግቶ እጅ ነሣ። «ጋሼ፣ ዛሬ እኔ ልክፈት?»

«ነገ» አለው።

ባልቴቷ ከቦረቦሩ ጠርዝ ትንሽ አፈር አገኘች። ከሥሩ ከሚንጠባጠበው ውሃ ክንድ የማታህል ቦይ አወጣች። የልጅ ልጇን ጠርታ ዶማዋን በእጇ አስያዘቻት፤ የራሷን እጅ በልጅቱ እጅ ላይ ደረበች። «ይቺን ጓል ብቻ አንሺ። ስሚ። ውሃው ምን አለ?»

«ትንሽ ትንሽ አለ፣ አያቴ።»

«ጠብቂው። አሁን ሁለተኛዋን።» ውሃው በቀስታ ወደ መደቡ ገባ። ባልቴቷ እጇን ከልጅቱ እጅ ላይ አነሣች። ልጅቱ አላወቀችም። ሦስተኛዋን ጓል ብቻዋን አነሣች።

ምሳሌው ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነው፤ ከእርሳቸው በፊትና በኋላ በዚህች አገር ዶማውን ስለ ያዙትም ነው።

በምሳሌው የሰላም መንገድ የተባለው የእኛ አገር መንገድ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 በባቡር ከአዲስ አበባ ወጡ። ሰኔ 23 ቀን በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የአገራቸውን አቤቱታ አሰሙ፤ የደረሰላቸው አልነበረም። በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ የስደቱን ዘመን ገፉ። ጥር 12 ቀን 1933፣ በጥምቀት ማግሥት፣ ከሱዳን ጠረፍ ኦሜድላ ላይ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ። በበላያ ተራራ አድርገው ጎጃም ገቡ። ከጎናቸው የእንግሊዝ መኮንኖችና የሱዳን ወታደሮች ነበሩ፤ ግን አምስት ዓመት ዱር አድሮ ጠላትን በየምሽጉ ያስጨነቀው የጎጃም አርበኛ ነው። ቡሬ ተለቀቀ፤ ደምበጫ ታለፈ፤ መጋቢት 28 ንጉሡ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ሚያዝያ 27፣ ጠላት አዲስ አበባን በያዘ በአምስተኛው ዓመት በዚያው ዕለት፣ ከተማቸው ደረሱ። በዚህ ጎዳና ላይ ወጀት የምትባል ቦታ ነበረች። ሰዉ አባት ለልጅ ሲነግር እንደ ኖረው፣ «ፍኖተ ሰላም» ያሏት እርሳቸው ናቸው። ዛሬ የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት።

የሠሩትን ማቃለል ግፍ ነው። ሐምሌ 16 ቀን 1884 በኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት ተፈሪ መኰንን በ1909 አልጋ ወራሽ ሆኑ፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዘውድ ጫኑ። በዚያው ዓመት የአገሪቱን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሰጡ። በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት ገና በ1917 ከፍተው ነበር። በ1943 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተመሠረተ፤ በ1954 ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ለቀቁ። በ1955 የአፍሪካ መሪዎችን አዲስ አበባ ሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን አስመሠረቱ። የውሃ አባት ነበሩ፤ ውሃውን ከጉልበተኛ ክንድ አውጥተው በተራ ሊያስኬዱ የጀመሩ ናቸው።

ዶማውን ግን አላስረከቡም። በታኅሣሥ 1953 ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ ተነሡ። ገርማሜ አሜሪካ የተማረ፣ በወላይታ አውራጃ ገዥነቱ መሬት ለሌለው መሬት ለማደል የሞከረ ሰው ነበር። ዙፋኑ ራሱ ያስተማረው ልጅ ማለት ነው። ሙከራው በደም ከሸፈ። ያ ቀን በምሳሌው ያለው የእሳት ዳር ማታ ነበር። ከዚያ በኋላ ጥቂት ነገር ተደረገ፤ በ1958 ጠቅላይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ሚኒስትሮቻቸውን እንዲመርጡ ተፈቀደላቸው። ምክር ቤት ነበር፤ ፓርቲ ግን አልነበረም። አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰን ከአባታቸው ጎን ቆመው ሸመገሉ፤ በ1965 በሕመም ተመትተው ከአገር ሲወጡ ዕድሜያቸው ሃምሳ ስድስት ደርሶ ነበር።

ጎጃምም የታችኛው መንደር ሆና አይታዋለች። በ1960 አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ፣ ርስቱ ተለክቶ ሊወሰድበት የመሰለው ገበሬ ከሞጣና ከቢቸና እስከ ደጋ ዳሞት ጠመንጃ አነሣ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን አዘመተ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ንጉሡ ራሳቸው ደብረ ማርቆስ መጥተው ውዝፉን ግብር ማሩ። የዚያ ገበሬ አባት በ1933 በዚሁ መንገድ ዳር ቆሞ የተቀበላቸው ነበር። ጥላውን ለክቶ የሚነግራቸው ሰው ስላልነበረ ሳይሆን፣ የሚነግሯቸው ሰዎች በመካከል ቆመው ስለነበር ነው ነገሩ እዚያ የደረሰው። የወሎ ረኃብም እንዲሁ ተሸፈነ። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ የወሎ ረኃብ ፊልም በቴሌቪዥን ታየ፤ ደረቁ ፍል ጭናቸው ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። በማግሥቱ የ82 ዓመቱ ሽማግሌ በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ወጡ። ነሐሴ 21 ቀን 1967 በእስር ሞቱ። አፅማቸው ከደርግ ውድቀት በኋላ ከቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር ተገኝቶ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ።

ዶማውን የነጠቁትስ? ኅዳር 14 ቀን 1967 ወደ ስድሳ የሚጠጉ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ አክሊሉ ሀብተ ወልድም ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። በየካቲት መሬት ላራሹ ታወጀ፤ የዘመናት ጥያቄ የተመለሰበት አዋጅ ነው። ግን ጓሉ በአንድ ጊዜ ተገለበጠ። ቀይ ሽብር መጣ፤ ጦርነት መጣ፤ በ1977 ረኃቡ ተመለሰ። ዶማውን በመጨረሻ የጨበጡት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዐሥራ አራት ዓመት «ነገ» እንዳሉ፣ ግንቦት 13 ቀን 1983 ወደ ዚምባብዌ ኮበለሉ።

ልናገረው የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፤ ያላስረከበ ይነጠቃል፤ የነጠቀም ማስረከብ አያውቅም። አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ፣ አፄ ዮሐንስ በመተማ፣ ልጅ ኢያሱ በእስር፣ መለስ ዜናዊ በ2004 ከሥልጣን ላይ በሕመም። መንገዱ በሞት፣ በእስር ወይም በስደት ሲያልቅ ነው የኖርነው። በየካቲት 2010 ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በገዛ ቃላቸው ሥልጣን ሲለቁ ሰው የተደነቀው ለዚህ ነው፤ አይተን ስለማናውቅ። የታንዛንያው ጁሊየስ ኔሬሬ በ1978 ሥልጣናቸውን አስረክበው ወደ መንደራቸው ወደ ቡቲያማ ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ ዐሥራ አራት ዓመት ያህል ሽማግሌ ሆነው ሲመክሩና ሲያስታርቁ ኖሩ። እጃቸውን በልጃቸው እጅ ላይ ደርበው ቀስ ብለው ያነሡ ሰው ናቸው።

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በተጓዝሁ ቁጥር ስሟን አስበዋለሁ። ሰላም ዛሬም የሚናፈቅባት አገር ናት፤ ስሟ ጸሎት ሆኖ ይሰማኛል። ፍኖት መንገድ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ለመግቢያቸው የሰላም መንገድ ብለው ስም አወጡለት። ለመውጫቸው ግን መንገድ አላስጠረጉም፤ የሚወጡበት ቀን ሲደርስ ያለው ቦረቦር ብቻ ነበር። መንገድ መንገድ የሚሆነው ለሚገባም ለሚወጣም ሲያስኬድ ነው። ቤት ለሚመራ፣ ዕድር ለሚመራ፣ አገር ለሚመራ ሁሉ የምለምነው ይህን ነው፤ ዶማውን በያዛችሁበት በመጀመሪያው ጠዋት፣ ገና ክንዳችሁ ሳይዝል፣ የመውጫችሁን መንገድ ጥረጉ። ያንንም ፍኖተ ሰላም በሉት።